ጋሼ፣ ቫምፓየሮቼን ይተዉልኝ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ከሦስት ጓደኞቼ ደረሰኝ። ሦስቱም ሲልኩልኝ ምንም አልጻፉም፤ የሚስቅ ፊት ብቻ። ከፍቼ ሳነብ ምክንያቱ ገባኝ። «ልቦለድ እጽፋለሁ እያሉ ቀን ከሌት የቫምፓየር ፍቅር ላይ ተጥደው የሚውሉ ወጣት ሴቶች» ይላል። ስሜ የለበትም እንጂ እኔው ነኝ። (ቫምፓየር፣ ለማያውቀው፣ በፈረንጅ ተረት ደም እየጠጣ የሚኖር የማይሞት ጭራቅ ነው።)

የጻፉት ሰው አንጋፋ ናቸው። በዕድሜም በንባብም ይበልጡኛል። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እመልሳለሁ። ስማቸውን ግን አላነሳም። ጉዳዬ ከጻፉት ነገር ጋር እንጂ ከእሳቸው ጋር አይደለም።

ጽሑፉን ላላየ ሰው ባጭሩ ላስቀምጠው። ደራሲ ልሁን የሚል ሰው በእነዚህ መጻሕፍት ጊዜውን ማባከን የለበትም፤ ዶስቶየቭስኪን፣ ጄን ኦስተንን፣ የእኛን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያንብብ ይላሉ። ተከታታዮቹ አንዱ ካንዱ አይለይም ይላሉ። ሴት ልጅ አደገኛ ወንድ እንድትወድ ያስተምራሉ። ለገበያ የተፈበረኩ ናቸው። ባዕድ ናቸው፤ እኛ አገር ቫምፓየር የለም። በመጨረሻም፣ የሰይጣን ሥራ ናቸው።

የመጨረሻውን አስቀድሜ ልገላገለው። እኔ እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ። ይህን ሁሉ መጽሐፍ አንብቤም ደም አልጠማኝም። እህቴ በዐቢይ ጾም «ይሄ ነገር ጾም አያስፈታም?» ብላ ቀልዳብኝ ነበር። እኔም ትዋይላይት በሚባለው ታዋቂ የቫምፓየር ተከታታይ ውስጥ ያሉት የኩለን ቤተሰቦች የአውሬ ደም ብቻ ስለሚጠጡ ራሳቸውን በቀልድ «አትክልት በሊታ» እንደሚሉ ነገርኳት። «እንደሱ ከሆነ እኔም በግ በልቼ ጾመኛ ነኝ» አለችኝ። ይኸው ነው። እንለፈው።

አሁን ወደ ዋናው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ጋሼ «ጊዜ ማባከን» ያሉትን ትዋይላይትን፣ ቤላ የምትባል ተማሪ ኤድዋርድ ከሚባል ቫምፓየር ጋር የምትፋቀርበትን የስቴፈኒ ሜየር ልቦለድ፣ ያነበብኩት 11ኛ ክፍል ሆኜ ነው። አራት ኪሎ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ ገዛሁት። ሽፋኑ ላይ ሁለት እጆች ቀይ ፖም ይዘዋል። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል ስላልነበር መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ጀመርኩ። ምዕራፍ 5 ላይ መዝገበ ቃላቱን ረሳሁት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መጨረሻው ስደርስ ጉድ ሆንኩ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለዋል።

ሌላ ቅጂ የት ይገኛል? ደብተር አወጣሁና መጨረሻውን ራሴ ጻፍኩት። በእኔ ድርሰት ኤድዋርድ ጠበል ተወሰደ። ሰባት ቀን ተጠመቀ። ዳነ፣ ሰው ሆነ፣ ቤላን አገባ። በጣም ደስ አለኝ። ልቀጥል ብዬ ሦስት ገጽ ሄድኩና ቆምኩ። የሚወራ ነገር ጠፋ። ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ይነሳሉ። ልጁን አድኜ ታሪኩን ገደልኩት።

ደብተሩ አሁንም አለ። ፍቅርን በልቦለድ ለማቆየት እንቅፋቱን ማቆየት እንደሚያስፈልግ የተማርኩት እዚያ ላይ ነው። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ስገባ «ግጭት» በሚል ስም ሊያስተምሩኝ ሞክረዋል። እኔ ግን ነገሩን በጠበል ነው ያወቅኩት።

እስቲ አሁን ጋሼ ያዘዙልኝን መጽሐፍ እንክፈት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅም ሰምቼዋለሁ። በዛብህ ማን ነው? እናትና አባቱ ለቤተ ክርስቲያን በብፅዓት የሰጡት ልጅ ነው። ትዳር አልተፈቀደለትም። በዚያ ላይ የድሃ ልጅ። ሰብለ ወንጌል ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ። ይህ ልጅ አስተማሪዋ ሆኖ እቤቷ ይገባል። ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ፊደል ይቆጥራሉ፣ መሐላቸው ላይ ግን ብፅዓቱና የአባትየው ማዕረግ ተጋርዷል። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. (ይኼ በእኛ ነው) ያሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ አንባቢን ይዞ የሚጓዘው በዚህ ክልከላ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በመጀመሪያው ምዕራፍ «መርቄያችኋለሁ ልጆቼ» ቢሉስ? የእኔ ደብተር ይሆን ነበር።

እንግዲህ አንዲት አሜሪካዊት ደራሲ በእኛ ዘመን ስለ ሁለት ተማሪዎች ፍቅር ልትጽፍ ተቀመጠች እንበል። ማን ይከለክላቸዋል? አባት አይከለክልም። ዘር አይቆጠርም። ብፅዓት የለም። ስልክ አለ፣ መኪና አለ። እንቅፋቱ ሁሉ ተነሥቷል። ስለዚህ ሌላ እንቅፋት ትፈጥራለች፤ ልጁ በጣም ከቀረባት ይገድላታል። በዛብህን የያዘው ብፅዓት ነው። ኤድዋርድን የያዘው ጥማት ነው። ሁለቱ መጻሕፍት እኩል ናቸው ያልኩ እንዳይመስልብኝ፤ እኩል አይደሉም፣ በጭራሽ። ሙያው ግን አንድ ነው። እኔም ሙያውን ያየሁት በቀላሉ ከሚታይበት ቦታ ነው። የሀዲስ ዓለማየሁ ስፌት አይታይም። የስቴፈኒ ሜየር ስፌት ይታያል። ልብስ ስፌት የሚማር ሰው ስፌቱ የሚታይ ልብስ ይጠቅመዋል።

ደግሞ ጄን ኦስተንን መጥቀስዎ አሳቀኝ፣ ጋሼ። «ኖርዝአንገር አቢ» የሚባለው መጽሐፏ ጀግና ማን ናት? አስፈሪ የግንብ ቤት ልቦለድ እያነበበች በየጓዳው ግድያ የሚታያት ልጅ። ኦስተን ትስቅባታለች፤ አዎ። ግን በዚያው መጽሐፍ ታሪኩን አቁማ ልቦለድ ለሚያነቡ ትሟገታለች። ልቦለድ እየጻፉ ልቦለድ አንባቢን የሚንቁትን ጠንከር አድርጋ ትወቅሳቸዋለች። መጽሐፉ የታተመው እሷ ከሞተች በኋላ በ1817 መጨረሻ ነው። ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል፤ ክርክሩ ግን ያው ነው።

«አንዱን ያነበበ ሁሉን አነበበ» የሚለው ላይ ግን ግማሽ መንገድ አብሬዎት እሄዳለሁ። አንዲት ልጅ አዲስ ከተማ ትመጣለች፤ ትምህርት ቤት ውስጥ የገረጣ ቆንጆ አለ፤ ሁሉም ያየዋል፣ እሱ እሷን ብቻ ያያል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልቆጠርኩም። አንዳንዶቹን ጨርሼ በሳምንቱ የልጅቷን ስም እንኳ አላስታውስም።

ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀምጥልዎ። ሻርሌይን ሃሪስ በ2001 አንድ ተከታታይ ጀመረች። በ2013 ስትጨርሰው 13 መጻሕፍት ሆኗል። ሱኪ የምትባለው ጀግናዋ ሉዊዚያና ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ መጠጥ ቤት አስተናጋጅ ናት። የሰው ሐሳብ ትሰማለች። ስጦታ አይደለም፤ መከራ ነው። ቢራ ስታቀርብ የደንበኛውን ምኞት ትሰማለች። ወንድ ሲቀርባት ስለ ሰውነቷ የሚያስበውን ቃል በቃል ትሰማለች። በዚህ ሁኔታ ማንን ትወዳለች? አንድ ቀን ቫምፓየር ይገባል። ከእሱ ምንም አይሰማም። ዝም ያለ ጭንቅላት! ልጅቷ መጀመሪያ የወደደችው ያንን ጸጥታ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ሜየር ትዋይላይትን አሳተመች። እዚህ ሐሳብ የሚያነበው ቫምፓየሩ ነው። የሁሉን ሰው ሐሳብ ይሰማል፣ የቤላን ብቻ አይሰማም። አብዶ ይከተላታል። አዩት? ዕቃው አንድ ነው። በአንዱ ዝምታው ዕረፍት ነው፣ በሌላው እረፍት የሚነሳ ነው። አንዷ ጀግና የደከማት ሠራተኛ ናት፤ ሌላዋ ራሷን ተራ አድርጋ የምታይ፣ ማንም የማያነባት ተማሪ። ይህን ልዩነት ያየሁ ቀን ገጸ ባሕርይ ከምን እንደሚሠራ የገባኝ መሰለኝ።

መቼቱንም እንይ። ሜየር ቫምፓየሮቿ ፀሐይ ሲነካቸው እንደ አልማዝ ያብረቀርቃሉ ብላ ወሰነች። ብዙ ሰው ይስቅባታል፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን ያንን አንድ ሕግ ካወጣች በኋላ ሌላው ተከተለ። ቀን መውጣት የሚችሉት ደመና ባለበት ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ዝናብ የሚዘንብበት የአሜሪካ ከተማ ኢንተርኔት ላይ ፈለገች። በዋሽንግተን ግዛት ፎርክስ የምትባል ትንሽ ከተማ ተገኘች። ስትጽፍ ከተማዋን አይታት አታውቅም ነበር። ዛሬ አንባቢዎች ከዓለም ዙሪያ ፎርክስን ሊያዩ ይሄዳሉ። የእኛ ጀማሪዎች፣ እኔንም ጨምሮ፣ መቼት ስንመርጥ ያደግንበትን ሰፈር ዝም ብለን እናስቀምጣለን። ታሪኩ ለምን እዚያ እንደሆነ ብንጠየቅ መልስ የለንም።

ስለ አንጻር፣ ማለትም ታሪኩ በማን ዐይን እንደሚታይ፣ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላገኘሁም። በትዋይላይት መጀመሪያ ላይ ቤላ በባዮሎጂ ክፍል ከኤድዋርድ ጎን ትቀመጣለች። እሱ ፊቱን አጥቁሮ፣ ከወንበሩ ጫፍ ተንጠላጥሎ ሰዓቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል። እሷ የምታስበው «ምን አደረግኩት? ምን ሸተትኩ?» ነው። ትምህርት ቤት ያፈረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በ2020 ሜየር ያንኑ ታሪክ በኤድዋርድ አንደበት አሳተመችው። ያችው ክፍል፣ ያው ወንበር፣ ያችው አንድ ሰዓት። ልጁ በጭንቅላቱ ውስጥ እሷን እንዴት እንደሚገድልና ያዩትን ተማሪዎች በሙሉ እንዴት አድርጎ እንደሚጨርስ እያሰላ ነበር። እሷ ሽታዬ ነው ብላ የምትሳቀቅበት ደቂቃ፣ ለእሱ የሃያ ሰው ሞት የሚመዘንበት ደቂቃ ነው። ሁለቱን መጻሕፍት አልጋ ላይ ዘርግቼ አንቀጽ በአንቀጽ አስተያየኋቸው። በጋሼ ቋንቋ ጊዜ አባከንኩ። ከሰዓት በሙሉ።

አንድ ልጨምር፣ ከዚያ ወደ ከባዱ እንሄዳለን። በትዋይላይት ተከታታይ ሁለተኛው መጽሐፍ ኤድዋርድ ቤላን ትቷት ይሄዳል። ገጹን ስትገልጡት «ኦክቶበር» ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። ቀጣዩ «ኖቬምበር»። ከዚያ «ዲሴምበር»። ከዚያ «ጃንዋሪ»። ባዶ። የእኔ ረቂቅ ውስጥ አንድ ሰው ሲሞት ልጅቷ 11 ገጽ ታለቅስ ነበር። አሁን አንድ ተኩል ገጽ ነው።

ከባዱ ክስ አደገኛ ወንድ መውደድ ያስተምራሉ የሚለው ነው። ጋሼ እዚህ ላይ ትክክል ናቸው። ከጓደኞቼ ብዙዎቹ ይህን ስል ይቆጣሉ። ኤድዋርድ ቤላ ሳታውቅ ሌሊት መኝታ ክፍሏ ገብቶ ስትተኛ ያያታል። በሦስተኛው መጽሐፍ ጓደኛዋ ጋ እንዳትሄድ የመኪናዋን ሞተር ዕቃ ይፈታል። መጽሐፉ ይህን እንደ እንክብካቤ ያቀርበዋል። በ17 ዓመቴ ሳነበው ልቤ ቀለጠ። በ26 ሳነበው በሩን ቆለፍኩ። ቀልድ አይደለም፤ ተነሥቼ በሩን አየሁት።

ደግሞ ነገሩ ለእኛ መጽሐፍ ላይ ብቻ አይደለም። «ስለሚወድሽ ነው የሚቆጣጠርሽ» የሚለውን የሰማሁት ከፎርክስ ቫምፓየር አይደለም። ከጎረቤት ነው። ከሠርግ ቤት ነው። ስልኳን የሚፈትሽ እጮኛ የነበራት ጓደኛዬ አንድም የቫምፓየር መጽሐፍ አላነበበችም። ቤተሰቧ ግን «ቅናት የፍቅር ምልክት ነው» ብለው አሳድገዋታል። ስለዚህ ጋሼ፣ መጽሐፉ ጥፋት አለበት፣ እሺ። ግን ልጆቻችንን ያስተማራቸው እሱ ነው ማለት እኛን በነጻ ማሰናበት ነው።

ሌላም አለ። ይህ ትችት አዲስ አይደለም፤ ከሁሉ በላይ አጥብቀው የተቹት ራሳቸው አንባቢዎቹ ናቸው። ትችቱ ደራሲዋም ጋ ደርሷል። ቤላ ሁልጊዜ አድኑኝ የምትል ደካማ ሴት ናት ሲሏት፣ በ2015 ለመጽሐፉ 10ኛ ዓመት ጾታውን ገልብጣ ጻፈችው። ልጁ ሰው፣ ልጅቷ ቫምፓየር። ቤላ ደካማ የሆነችው ሴት ስለሆነች ሳይሆን ሰው ስለሆነች ነው ልትል ፈልጋ ነው። አልተሳካላትም፣ በእኔ ግምት። ጉዳዩ ማን ደካማ ነው የሚለው ብቻ አልነበረም፤ ጉልበት ያለው በጉልበቱ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ሆኖም አንዲት ደራሲ ተሰድባ፣ አኩርፋ ከመቀመጥ ይልቅ መጽሐፏን እንደገና ስትጽፍ ማየት ለጀማሪ ትምህርት ነው።

እኔ የያዝኩት ይህን ነው፦ አደገኛ ወንድ መጻፍ ነውር አይደለም። አደጋውን ደራሲው ማየት አለበት። ጀግናዋ ባታየው እንኳ።

ስለ ገበያ ብዙ አልልም፤ ምክንያቱም ጋሼ ራሳቸው ዶስቶየቭስኪን ጠቅሰዋል። ዶስቶየቭስኪ! «ወንጀልና ቅጣት» በ1866 በመጽሔት ላይ በየወሩ ሲወጣ የነበረ ተከታታይ ነው። በዚያው ዓመት ዕዳ አንቆት፣ ለአሳታሚ ቀን ቆርጦ ስለፈረመ፣ «ቁማርተኛው»ን በ26 ቀን ለጽሕፈት ሠራተኛዋ እየነገረ ጨርሶታል። ካላስረከበ የመጽሐፎቹ መብት ሊወሰድበት ነበር። ከዚህ የበለጠ የገበያ ጽሑፍ ከየት ይመጣል?

ሜየር ደግሞ በተቃራኒው ነው የጀመረችው። ሦስት ትንንሽ ልጆች የምታሳድግ እናት ነበረች። በ2003 ሰኔ ላይ ሕልም አየች፤ እንዳትረሳው ጻፈችው፤ በሦስት ወር አካባቢ መጽሐፍ ሆነ። ለ15 የደራሲ ወኪሎች ደብዳቤ ላከች። ዘጠኙ አይሆንም አሉ፣ አምስቱ መልስ አልሰጡም፣ አንዱ ተቀበላት። እኔ ዘጠኝ እምቢታ ቢደርሰኝ በሦስተኛው ላይ ማስታወቂያ ሥራ እፈልጋለሁ።

ገበያው ክፉ የሚሆንበት ቦታ ሌላ ነው፣ ጋሼ፤ እሱን ቢጽፉ ኖሮ እኔም አጨበጭብ ነበር። ኤል ጄ ስሚዝ በ1991 «ቫምፓየር ዳየሪስ»ን ጀመረች። በኋላ በቴሌቪዥን ስምንት ምዕራፍ (ሲዝን) የሄደው ነው። መጽሐፉን የጻፈችው ግን በተቀጣሪነት ውል ስለነበር መብቱ የእሷ አልሆነም። በ2011 ከራሷ ተከታታይ አሰናበቷትና ሌላ ሰው እንዲቀጥል ተደረገ። ምን አደረገች? እንደ ማንኛውም አድናቂ በራሷ ገጸ ባሕርያት ላይ የራሷን ተቀጽላ ጻፈች። እኔ ይህን ሳነብ አነባሁ። ነገሩ ደግሞ የቆየ ነው። የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ የቫምፓየር ልቦለድ የሚባለው በ1819 ሲወጣ ጸሐፊው ጆን ፖሊዶሪ የሚባል ወጣት ሐኪም ነበር፤ መጽሔቱ ግን የታዋቂው ገጣሚ የሎርድ ባይረን ነው ብሎ አተመው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ25 ዓመቱ ሞተ። ውል ሳታነቡ አትፈርሙ፣ ጓዶች።

አሁን የቀረኝ «ባዕድ ነው፤ እኛ አገር ቫምፓየር የለም» የሚለው ነው። ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለምወደው ነው።

አንድ ቀን ቡና ላይ ለአክስቴ ታሪኩን አጫወትኳት። አክስቴ የጎጃም ሰው ናት። ረከቦቱ ፊት ተቀምጣ ከሰል እያራገበች ትሰማኛለች።

«ሰው ይመስላል?»

«አዎ፣ በጣም ቆንጆ ነው።»

«ሲርበው ዐይኑ ይለዋወጣል?»

«አዎ! ጥቁር ይሆናል። እንዴት አወቅሽ?»

«ሌሊትስ አይተኛም?»

«አይተኛም።»

ማራገቢያዋን አስቀመጠች። «እና ቡዳ ነው አትይኝም? ምን ቫምፓየር ቫምፓየር ትይኛለሽ!»

እኔ ከአራት ኪሎ መሬት ላይ ገዝቼ በመዝገበ ቃላት ያነበብኩትን እሷ በሦስት ጥያቄ ጨረሰችው። ቀን ሰው ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል። በዐይኑ ይበላል። የተበላው ይታመማል፣ ይለፈልፋል፣ የበላውን ሰው ስም ይጠራል። ጭስ ይታጠናል፣ ጠበል ይሄዳል። ባዕድ አሉ ጋሼ? እኛ እኮ በዚህ ያደግን ነን። መብል ሲቀርብ ዞር ብለን የበላን ሕዝብ ነን።

ግን የእኛ ታሪክ ከፈረንጁ የከፋበት አንድ ነገር አለ። ቫምፓየር የሚባል ሰው ፎርክስ ውስጥ የለም። ቡዳ የተባሉት ሰዎች ግን አሉ። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ቤተ እስራኤሉ። ማረሻችንን ሠሩልን፣ ምጣዳችንን ሠሩልን፤ እኛ ደግሞ ልጆቻችንን ከልጆቻቸው ጋር አናጋባም አልን። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ቀላል ስላልነበረ ነው።

እዚህ ላይ ነው የቫምፓየር መጻሕፍቱ ለእኔ ትልቁን ሥራ የሠሩት። ከጥንቱ ጀምሮ ጭራቁን የሚያወራልን ሌላ ሰው ነበር፤ የሚያድነው ሰው፣ ያመለጠው ሰው፣ ሐኪሙ። በ1976 አን ራይስ የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ ቫምፓየሩን ወንበር ላይ አስቀምጣ ራሱ እንዲናገር አደረገችው። አራት ዓመት ቀደም ብሎ ትንሽ ልጇን በደም ካንሰር አጥታ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ክላውዲያ የምትባል፣ ሕፃን ሆና የቀረች፣ የማታድግ ቫምፓየር አለች። እሱን ካወቅኩ በኋላ መጽሐፉን እንደ በፊቱ ማንበብ አልቻልኩም። ከእሷ በኋላ የመጡት የፍቅር ተከታታዮች ሁሉ የቆሙት በዚያ ወንበር ላይ ነው፤ የሚፈራው ሰው አፍ አውጥቶ ይናገር በሚለው።

እኔም አንድ ቀን አሰብኩ። ቡዳ የተባለው ሰው አፍ አውጥቶ ሲናገር የት ሰማሁ? በሽተኛው ይለፈልፋል። ጠንቋዩ ይናገራል። ጎረቤቱ ይመሰክራል። እሱ የት አለ?

ልቦለዴ ስለዚህ ነው። የቀጥቃጭ ልጅና የአራሽ ልጅ። እንቅፋት መፍጠር አላስፈለገኝም፤ አገሬ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ጠበሉ ግን አሁንም አለ፤ በዚህኛው ድርሰት ልጁን አያድነውም፤ የሚያድኑት በሽታ የለበትማ።

ፍርሃትም አለኝ፤ እሱንም ከነዚሁ መጻሕፍት ነው የወሰድኩት። ሜየር በትዋይላይት ተኩላ የሚሆኑ ሰዎች አስገብታለች። ክዊልዩት የሚባሉ ናቸው፤ ከፎርክስ አጠገብ ላ ፑሽ ላይ ዛሬም የሚኖሩ እውነተኛ ሕዝብ። ከተኩላ መጣን የሚል የራሳቸው ጥንታዊ ታሪክ አላቸው። እሷ ያንን ወስዳ እንደፈለገችው አድርጋ ጻፈችው፤ ፊልሙ፣ ቲሸርቱ፣ ጌጡ ተሸጠ፤ ሕዝቡ ከዚያ ሁሉ ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አላገኘም ተብሎ ብዙ ተወቅሷል። እኔስ? የቀጥቃጭ ልጅ አይደለሁም። አክስቴ መብል ዞር ብላ ከምትበላ ቤተሰብ ነኝ። ልጁን ቆንጆና ምስጢራዊ አድርጌ ዐይኑን ባበራው፣ ያንኑ አሮጌ ስድብ ሽቶ ቀብቼ መሸጤ አይደለም? ይህ ጥያቄ ከጋሼ ስድስት ክሶች ሁሉ ይከብደኛል፤ የጻፉት ግን እሱን አይደለም።

ለጊዜው ያለሁት ምዕራፍ 9 ላይ ነው። ሌሊት ጅብ ሲጮኽ አድሯል። ጠዋት ልጅቷ ውኃ ልትቀዳ ትወርዳለች። ልጁ ምንጩ ጋ ማረሻ ይሞርዳል። እንስራዋን አስቀምጣ «ማታ የት ነበርክ?» ትለዋለች። የጠየቀችው ወድዳው ነው ወይስ ፈርታው? እሷም አታውቀው፣ እኔም አላወቅኩት። ልጁ ቀና ብሎ ያያታል። ሊመልስላት አፉን ከከፈተ ሦስት ሳምንቱ ነው።